ገበጣ በመሸጥ የጀመሩት እንግሊዞች

አዲስ ቅዳም ያደገ ልጅ ስለ ጨዋታ ሁለት ነገር ተምሮ ነው የሚያድገው። አንደኛ፣ ጨዋታ ገንዘብ አያስወጣም። ሁለተኛ፣ ጨዋታ ገንዘብ አያስገባም። የመጀመሪያውን ያስተማረን ኪሳችን ነው፤ ሁለተኛውን ያስተማሩን ወላጆቻችን ናቸው፣ አንዳንዴም በአለንጋ።

ዳማ የምንጫወተው ካርቶን ላይ በከሰል በተሰመረ ሰሌዳ ነበር (ከሰል በወረዳችን ሞልቷል፣ ወደ እሱ እንመለሳለን)። የአንዱ ቆርኪዎች ፊታቸው ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች፣ በቃ! ገበጣ ደግሞ ካርቶንም አያስፈልገው። መሬቱን ቆፈር ቆፈር አድርጎ ጠጠር መልቀም ነው። ክረምት ገብቶ ጭቃው ሲላቁጥ ፈረስ እንሠራለን። አዊ የፈረስ አገር ነውና የጭቃ በሬ ከሚሠራው ልጅ ይልቅ የጭቃ ፈረስ የሚሠራው ይከበራል። ፈረሰኞቻችንን በሁለት ረድፍ አሰልፈን በጠጠር እየመታን እናዋጋቸዋለን። ሕጉን የሚያወጣው ጉልበተኛው ልጅ ነው፤ በተሸነፈ ቁጥርም ያሻሽለዋል። ጦርነቱ የሚያበቃው እናቶቻችን ‹‹ውሃ ቅዱ!›› ብለው ሲጣሩ ነው።

ይህን ሁሉ የምናወራችሁ ወደን አይደለም። በዲሴምበር 2024 አንድ ዜና አነበብን። ፉትሲ 100 የሚባለው፣ የለንደን አክሲዮን ገበያ ትልልቆቹ መቶ ኩባንያዎች የሚሰለፉበት ዝርዝር አለ፤ ባንኮቹ፣ የነዳጅ ኩባንያዎቹ፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎቹ እዚያ ናቸው። በዚያ ወር ከእነሱ ጎን አንድ የአሻንጉሊት ወታደር ሠሪ ገባ። ስሙ ጌምስ ወርክሾፕ። ገበያው የሰጠው ዋጋ ከ4 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። የሚሸጠውም ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ የፕላስቲክ ወታደሮችን ነው፤ ያውም ተቆራርጠው፣ ያልተጣበቁና ቀለም ያልነካቸው። ደንበኛው ከፍሎ ይገዛል፣ ቤቱ ወስዶ በማጣበቂያ ይገጣጥማል፣ በቀጭን ብሩሽ ሰዓታት ፈጅቶ ይቀባል። ሰው ገንዘቡን ሰጥቶ ሥራውንም ራሱ ይሠራል ማለት ነው!

ሳቅን። ከዚያ ታሪኩን ከሥሩ ለማንበብ ተቀመጥን። የኩባንያው የመጀመሪያ የሸቀጥ ዝርዝር ላይ ስንደርስ ሳቁ ቆመ። ገበጣ ይላል።

ታሪኩ ወዲህ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ ግራ አትጋቡ።)

1975፣ ምዕራብ ለንደን፣ ሼፐርድስ ቡሽ። ሦስት ወጣቶች አንድ ቤት ተጋርተው ይኖራሉ፤ ኢያን ሊቪንግስተን፣ ስቲቭ ጃክሰንና ጆን ፒክ። ሊቪንግስተንና ጃክሰን የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ናቸው። ፒክ እጁ የተባረከ ነው፤ እንጨት እየላገ የጨዋታ ሰሌዳ ይሠራል። ‹‹ጌምስ ወርክሾፕ›› የሚለውም ስም ከዚያ የመጣ ነው፣ የጨዋታ መሥሪያ ቤት እንደማለት። የሚሠሩት የባክጋመን ሰሌዳ፣ የሩቅ ምሥራቁን የ‹‹ጎ›› ሰሌዳ፣ እንዲሁም ማንካላ ነበር። ማንካላ ማለት ዓለም የገበጣን ቤተሰብ በሙሉ የሚጠራበት ከዐረብኛ የተወሰደ ስም ነው። እኛ አፈር ላይ በነጻ የምንቆፍረውን እነሱ እንጨት ላይ ቦርቡረው ሸጡት!

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችን ‹‹ተሰረቅን›› ወደሚለው ወሬ ለመሮጥ ከጅሎን ነበር። ግን ቸኩለናል። አንደኛ፣ ገበጣን የሚጫወት ሕዝብ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞልቷል፤ የእኛ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ እንግሊዞቹ በገበጣ አልከበሩም። ሊከብሩም አይችሉም ነበር። መሮ ያለው ሁሉ የሚሠራውን፣ ሕጉንም ማንም በአፍ የሚማረውን ነገር ሸጦ ማን ባለጸጋ ሆነ?

ሥራቸውን ለማስተዋወቅ ‹‹ኦውል ኤንድ ዊዝል›› የምትባል ትንሽ ጋዜጣ እያዘጋጁ ለሚያውቁት ሁሉ ይልኩ ነበር። ከቅጂዎቿ አንዷ ባሕር ተሻግራ አሜሪካ ደረሰች። እዚያ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል፣ ተጫዋቾች ጀግና መስለው በወሬና በዳይስ የሚጫወቱት አዲስ ነገር ገና አንድ ዓመቱ ነው። አሳታሚው የጨዋታውን አንድ ቅጂ ላከላቸው። ወደዱት። ስድስት ቅጂ አዘዙ። ልብ በሉ፣ ስድስት! ከዚህች ስድስት ጋር ደግሞ ጨዋታውን በመላው አውሮፓ ለብቻቸው የማከፋፈል መብት ለሦስት ዓመት አገኙ። አሜሪካኖቹም ያኔ ትናንሾች ነበሩና የሚያስመርጥ ጠያቂ ያገኙ አይመስልም።

ፒክ ነገሩ አልጣመውም፤ እሱ የእንጨት ሰው ነው። ተለያቸው። የቀሩት ሁለቱ ሱቅ የላቸውም፤ ደንበኛ የጋዜጣዋን አድራሻ ይዞ ቤታቸው ድረስ እየመጣ ሲያንኳኳ አከራያቸው ተማረረና ከቤት ወጡ። ከአንድ የቤት ደላላ ቢሮ ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ለመኝታ ግን ገንዘብ አልተረፋቸውም። ለወራት በጃክሰን መኪና ውስጥ እያደሩ፣ ገላቸውን ለመታጠብ ብለው የስፖርት ክለብ አባል ሆኑ። (‹‹ፈረንጅ ሲወለድ ካፒታል ይዞ ነው የሚወለደው›› የምትሉ ወዳጆቻችን ይህቺን አንቀጽ ሁለቴ አንብቧት።) በ1977 ‹‹ዋይት ድዋርፍ›› የተባለ መጽሔት ጀመሩ፤ በ1978 ሐመርስሚዝ ውስጥ የመጀመሪያ ሱቃቸውን ከፈቱ።

እስከዚህ ድረስ ግን የሰው ዕቃ ሻጮች ናቸው። ይህም ብዙ ሳይቆይ ዋጋ አስከፈላቸው። አሜሪካኖቹ ‹‹እንዋሃድ›› ብለው ጠየቁ፤ እነ ሊቪንግስተን አሻፈረን አሉ፤ አሜሪካኖቹም በ1980 የራሳቸውን የእንግሊዝ ቅርንጫፍ ከፈቱ። ሌላው ባለቤት በሆነበት ነገር ላይ የተሠራ ትርፍ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ በፈለገ ቀን መጥቶ ይወስደዋል።

ያዳናቸው ትናንሽ ወታደር ነው። በ1979 ብሪያን አንሴል ከሚባል ሰው ጋር ሆነው ሲታደል የተባለ፣ ከብረት ቅይጥ ምስል የሚያቀልጥ ኩባንያ አቋቁመው ነበር። አንሴል ነጋዴ ነው። የሂሳቡን ችግር ያየው እሱ ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚጫወት ሰው አንድ ጀግና ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ አንድ ምስል ገዝቶ ዓመት ሙሉ ይጫወትበታል። ጦር ሜዳ የሚጫወት ሰው ግን ሠራዊት ያስፈልገዋል! ስለዚህ ምስሎቹን በብዛት የሚያስገዛ ሕግ ይጻፍ ተባለ። ሐሳቡ መጀመሪያ በፖስታ ለሚያዙ ደንበኞች በነጻ የሚታደል ነገር እንዲሆን ነበር። ሪክ ፕሪስትሊና ሪቻርድ ሃሊዌል ከአንሴል ጋር ሆነው ጻፉት፤ በ1983 ዋርሃመር ተብሎ ወጣ። ወታደር ለመሸጥ ተብሎ የተጻፈው ሕግ ራሱ ዋና ሸቀጥ ሆነ።

ለማታውቁት፣ አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ሠራዊታቸውን ትይዩ ያሰልፋሉ። ሰሌዳ የለም፣ ካሬ የለም፤ ወታደሩ ስንት ርቀት እንደሚሄድ በሜትር ይለካል። መትቶ መሳቱንና መግደሉን ዳይስ ይወስናል። ከጭቃ ፈረሶቻችን የሚለየው ሕጉ ተጽፎ በመታሰሩ ብቻ ነው። ጉልበተኛው ልጅ በመጽሐፍ ተተካ።

በ1987 ፕሪስትሊ የዋርሃመርን ጦርነት ወደ ሩቅ ዘመን ወሰደው፤ ዋርሃመር 40,000 ተባለ። በዚያ ዘመን የሰው ልጅ የሚመራው በወርቅ ዙፋን ላይ ለአሥር ሺህ ዓመት በተቀመጠ፣ ሞተ እንዳይባል ባልሞተ፣ አለ እንዳይባል በሌለ ንጉሠ ነገሥት ነው። (እኛ አገር ‹‹ንጉሠ ነገሥት›› ሲባል የማይቆም ጆሮ የለም፤ ስለዚህ ዝም ብለን እናልፋለን።) ዛሬ ከኩባንያው ስም ይልቅ ዓለም የሚያውቀው ይህን ጨዋታ ነው።

በመሃሉ አንሴል የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሁሉን ነገር ከለንደን ወደ ኖቲንግሃም አዛወረው። ‹‹ዋይት ድዋርፍ››ም የሌሎችን ጨዋታ መጻፍ ትቶ የራሱን ቤት ብቻ የሚያወራ መጽሔት ሆነ። በ1991 አንሴልና መሥራቾቹ ድርሻቸውን ሸጠው ወጡ፤ ገዢዎቹን የመራው ቶም ከርቢ የተባለ የዚያው ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ነበር። በ1994 ኩባንያው አክሲዮን ገበያ ገባ።

የገንዘቡ ምስጢር የት ላይ ነው? ሁለት ቦታ። አንደኛው ፋብሪካው ነው። የፕላስቲክ ወታደር የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ውድ ነው፤ ከተሠራ በኋላ ግን የሚወጣው ፕላስቲክ ርካሽ ነው። ስለዚህ ብዙ መሸጥ ያዋጣል። ወታደሮቹን ዛሬም ድረስ እዚያው ኖቲንግሃም ነው የሚሠሯቸው። ሁለተኛው ሱቁ ነው። የራሳቸው ሱቆች ነበሯቸው፤ ሻጩ ዕቃ ከመሸጡ በፊት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አስቀምጦ ቀለም መቀባት ያስተምራል፣ ጨዋታ ያጫውታል። ልጁ አንድ ወታደር ለመቀባት አንድ ከሰዓት በኋላ ካጠፋ በኋላ ሌላ ኩባንያ ዘንድ አይሄድም። እጁ ገብቶበታል። ያቺ ወታደር ከእንግዲህ የሱ ሥራ ናት።

ይህችን ነገር ያዙልን። ኩባንያው ከዚህ በኋላ የከበረውም የወደቀውም በእሷ ነው።

2001። የቀለበቱ ጌታ ፊልም ወጣ። ጌምስ ወርክሾፕ የፊልሙን ወታደሮች የመሥራት ፈቃድ ነበረው። ፊልሙ በየዓመቱ እየተከታተለ ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ሲኒማው ሞላ፣ ከሲኒማ የወጣው ልጅ ሁሉ ሱቅ ገባ። በ2004 የሂሳብ ዓመት ሽያጩ ወደ 152 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ከዚያ ፊልሙ አለቀ። በ2007 ሽያጩ ወደ 110 ሚሊዮን ገደማ ወርዶ ኩባንያው ወደ ኪሳራ ገባ።

የአዲስ ቅዳም ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት እንግሊዝ መሄድ አያስፈልገውም። ፋግታ ለኮማ ውስጥ ዲከረንስ የተተከለበትን ዘመን የሚያስታውስ ሁሉ ያውቀዋል። ዛፉን ከጤፍ ጋር ትዘራዋለህ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ከሰል ይሆናል፣ የጭነት መኪና እደጅህ ድረስ መጥቶ ይወስደዋል። ቆርቆሮ ቤት ተሠራ፣ ልጅ ተማረ፣ የተሟጠጠ መሬት እንኳ አገገመ። ክፉ ነገር አልነበረም። ግን እርሻው ሁሉ ዲከረንስ ሆነ፤ ዋግ የመሰለ በሽታ መጥቶ ዛፉን ሲመታው ተመልሶ የሚያዝበት ቅርንጫፍ ጠፋ። ጎረቤቶቻችን ‹‹ሰንፈን›› አይሉም፤ ሠርተዋል። ከርቢ ግን ስለ ራሱ ኩባንያ ለባለአክሲዮኖች ሲጽፍ፣ በቀላሉ የመጣው ገንዘብ አወፍሮናል አስንፎናልም ብሏል። ሐቀኛ ሰው ነው። ችግሩ ሐቁን ከተናገረ በኋላ ያደረገው ነው።

ያደረገው ወጪ መቀነስና ዋጋ መጨመር ነበር። ሱቆቹ ባለ አንድ ሠራተኛ ሆኑ። የመጫወቻ ጠረጴዛ ቀነሰ። ወታደሩ በየዓመቱ ተወደደ። በ2011 ከብረት ወደ አዲስ የሬዚን ቅይጥ ተዛወሩና ደንበኛው አረፋ የበላው ፊትና የጎደለ ጣት ይዞ ተመለሰ፤ ዋጋውም አልወረደም። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ነጋዴዎች ዕቃውን ከአውሮፓ ውጭ እንዳይሸጡ ከለከሉ፤ አውስትራሊያ ያለው ልጅ ከእንግሊዝ በርካሽ እያስመጣ ነበርና። ኩባንያው ደንበኞቹን ምን እንደሚፈልጉ እንደማይጠይቅ፣ ጥናትም እንደማያደርግ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ በኩራት ጽፏል።

ጠበቆቹም ሥራ አልፈቱም። በ2012 ማብቂያ ላይ ኤም ሲ ኤ ሆጋርዝ የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ የሕዋ ወታደር የሚል ሐረግ በርዕሷ ውስጥ በማስገባቷ ኩባንያው ‹‹ስሙ የኔ ነው›› ብሎ መጽሐፏን ከአማዞን አስነሣው። ሐረጉ ጌምስ ወርክሾፕ ከመወለዱ አርባ ዓመት በፊት ጀምሮ በልብ ወለድ ውስጥ ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ መጽሐፉ ተመለሰ። ገበጣን ማንም ሳይጠይቅ ሲሸጡ የነበሩት ሰዎች ናቸው እንግዲህ ይህን ያደረጉት!

በዚህ ጉዳይ ላይ ከመፍረዳችን በፊት የራሳችንን ጉድ እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመካከላችን ሦስታችን አዋጥተን አንድ አሮጌ ጆተኒ ከእንጅባራ አስጭነን አመጣን። አንድ ጨዋታ በአንድ ብር። ቤቱ ሞላ። ከሚጫወቱት አራት ልጆች ዙሪያ ሃያ ልጅ ቆሞ ይጮሃል። ገቢው ግን ለሦስታችን ሲካፈል የቡና መጠጫ ነው። ስለዚህ ተማርን ብለን ሁለት ነገር ወሰንን። ዋጋውን ሁለት ብር አደረግን፤ በሩ ላይም ‹‹የማይጫወት አይገባም›› ብለን ጻፍን። የመጀመሪያው ወር ገቢ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ትንሽ ጨመረ። ‹‹አላልናችሁም!›› ተባባልን። በአራተኛው ወር ጆተኒው ላይ ድመት ተኝታ አገኘናት። ያባረርናቸው ልጆች የነገ ተጫዋቾች እንደነበሩ የገባን ጆተኒውን በግማሽ ዋጋ ስንሸጥ ነው። አጎታችን ጋሼ ‹‹ድሮስ የጨዋታ ንግድ!›› አሉን። መልስ አልነበረንም።

ጌምስ ወርክሾፕም አራተኛ ወሩ ደረሰ። ሽያጩ ለዓመታት ባለበት ሲረግጥ ቢታይም ሥሩ እየሳሳ ነበር። በጃንዋሪ 2014 ትርፉ እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን በሩብ ገደማ ወደቀ። በቀጣዩ ዓመት መባቻ ኬቪን ራውንትሪ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ፤ በሂሳብ ሠራተኝነት ሙያ በ1998 የገባ፣ ስሙን ብዙ ሰው የማያውቀው ሰው።

የራውንትሪ የመጀመሪያ ዓመት ራሱ የሚያስቅ አልነበረም። በ2015 ኩባንያው የድሮውን ዋርሃመር፣ የ1983ቱን ዓለም፣ በታሪኩ ውስጥ አፈነዳው። ዓለሙ ጠፋ፣ ሕጉ ተሰረዘ፣ በምትኩ አዲስ ጨዋታ መጣ። ሠላሳ ዓመት ሠራዊት ሲቀባ የኖረ ሰው ‹‹ጦርህ የሚዋጋበት ዓለም የለም›› ተባለ። አንድ ደንበኛ ሠራዊቱን በእሳት አቃጥሎ ቪዲዮውን ለቀቀው። እኛ የጭቃ ፈረሶቻችን በዝናብ ሲሟሙ ያለቀስን ሰዎች ስለሆንን አልሳቅንበትም።

ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ተቀየረ። ኩባንያው ዘግቶት የነበረውን አፉን ከፈተ፤ በኢንተርኔት ከደንበኞቹ ጋር በየቀኑ መነጋገር፣ በራሱ ላይ መቀለድ ጀመረ። ለጀማሪ የሚሆን ቅናሽ ያለው ሣጥን አወጣ። በ2017 አዲሱን የዋርሃመር 40,000 ዋና ሕግ በነጻ ሰጠ፤ ነጻ መስጠት የሠላሳ አራት ዓመት አሮጌ ሐሳብ መሆኑን ልብ ይሏል። በ2016 የሂሳብ ዓመት 118 ሚሊዮን ፓውንድ የነበረው ሽያጭ በ2018 220 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በ2020 ኮቪድ ሱቅና ፋብሪካውን ሲዘጋው ‹‹አለቀ›› ያሉ ነበሩ፤ ቤቱ የተቆለፈበት ሰው ግን ምን ይሥራ? ወታደር ቀባ። በ2025 የሂሳብ ዓመት ገቢው ከ600 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከግብር በፊት ያለው ትርፍም ከ250 ሚሊዮን አለፈ። ለሠራተኛውም 20 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጠ፤ ያውም ማዕረግ ሳይለይ እኩል ተካፍሎ። የተገደለው የድሮ ዓለም ደግሞ በ2016 በወጣ የኮምፒዩተር ጨዋታ ብዙ አዳዲስ ወዳጅ አፍርቶ ነበርና በ2024 ከሞት አስነሥተው መልሰው ሸጡት። ነጋዴ ማለት ይህ ነው!

ራውንትሪን መልአክ ልናደርገው አይደለም። ዕቃው ዛሬም ውድ ነው፤ የእንግሊዝ ልጅ ራሱ እናቱን ለምኖ ነው የሚገዛው። ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የሦስት አውታር ማተሚያ ያለው ሰው ወታደሩን ራሱ እያተመ ነው፤ ስለዚህ መሮ ያለው ሁሉ ሰሌዳ ወደሚሠራበት ወደ 1975 መመለሳቸው አይቀርም ብለን ከመካከላችን የሚከራከር አለ። ሌሎቻችን አንስማማም። ማተሚያው ወታደሩን ያትማል፤ ያን ወታደር ይዞ የሚኬድበትን ጠረጴዛ፣ ተቃራኒ ሆኖ የሚቀመጠውን ሰው አያትምም። ክርክሩ አልተቋጨም፤ በቡና ሰዓት ቀጥሏል።

ወደ ገበጣ እንመለስ። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። ከመቶ በላይ! ስለ ሰንጠረዣችንም ጽፈዋል፤ ያ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ባንድ ጊዜ ጦራቸውን የሚያንቀሳቅሱበት፣ የመጀመሪያው ወታደር እስኪወድቅ ‹‹ወረራ›› የሚባለው አጀማመር ያለውን። የዓለም ቼዝ ይህን አያውቀውም። ስንቶቻችን ነን ሰንጠረዥ ስንጫወት ያደግን? እኛ ከመካከላችን ቆጠርን፤ አንድም የለም። በቅርብ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የተባለ የወጣቶች ድርጅት ገበጣን ስልክ ላይ አምጥቶታል፤ እጃቸው ይባረክ። ስልኩ ላይ ያለው ግን ሁሉም አጨዋወት አይደለም። ሌሎቹ በሽማግሌዎች ጣት ላይ ናቸው።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን ገበያ ወጣን። ከእህል ተራው ጀርባ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ አባት አገኘንና ‹‹አባባ፣ ገበጣ በእናንተ ጊዜ በስንት ጠጠር ነበር የሚጀመረው?›› አልናቸው። መጀመሪያ ‹‹ሥራ የላችሁም እንዴ?›› አሉን። ከዚያ በከዘራቸው ጫፍ ጉድጓዶቹን አፈሩ ላይ ነደፉልን፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ነው አሉን፣ የሚበላበትንም መንገድ አስረዱን። ጻፍን። አጠገባቸው የነበሩ ሌላ አባት ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና ‹‹ልጆቹን አታሳስታቸው፣ ሦስት ነው›› አሉ። ‹‹ሦስትስ የናንተ የዳንግሎቹ ነው!›› ተመለሰላቸው። ገበያው እስኪበተን አልተግባቡም። ደብተራችን ላይ ሁለቱም ተጽፏል።